ከአዝማሪው ሸክላ እስከ ዳንስ ኦርኬስትራ፤ በመጋዘን የሚገኘው የድምፅ ቅርስ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ በተወሳ ቁጥር ሁለት ዓመታት ተደጋግመው ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ 1897 ሲሆን፣ ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አርባ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎችን በስጦታ የላኩበት ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ 1908 ነው። በዚህ ዓመት ተሰማ እሸቴ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ በጀርመን አገር ዜማዎቻቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አሥራ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ባንዱም ሸክላውም በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ወደ አገሪቱ ከገቡ፣ የኢትዮጵያ ኦርኬስትራ ሙዚቃ ከሌላው ዓለም ጋር እኩል በሸክላ መታተም ይገባው እንደነበር ማሰብ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የዳንስ ኦርኬስትራ ሙዚቃ በሸክላ ታትሞ በስፋት ለሕዝብ እስኪደርስ ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ያላነሰ ጊዜ አልፏል።

ይህ መዘግየት ከሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ባሻገር በጣና ሐይቅ ዙሪያ ያሉ የባህል፣ የብዙኃን መገናኛና የንብረት አስተዳደር መሥሪያ ቤቶችንም የሚመለከት ጉዳይ ነው። ምክንያቱም ዘግይቶ የተቀረጸውና ከተቀረጸ በኋላም በጥቂት ቅጂ ብቻ የቀረው ድምፅ ዛሬ የሚገኘው በአብዛኛው በግለሰቦች እጅና በመንግሥት መጋዘኖች ውስጥ በመሆኑ ነው።

ነገሩን ለመረዳት በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድምፅ እንዴት ይቀረጽ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። በወቅቱ የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ለዚህ ሥራ አልዋለም። ሙዚቀኛው በትልቅ የቆርቆሮ ጡሩምባ አፍ ፊት ቆሞ ይጫወታል፤ የድምፁ ግፊት በጡሩምባው ጠባብ ጫፍ ያለውን ስስ ገበታ ያርገበግባል፤ ገበታው ደግሞ መርፌ እያንቀሳቀሰ በሚሽከረከር ሰም ላይ ቦይ ያወጣል። ከዚህ ሰም በሚወሰድ የብረት ቅርጽ አማካይነት ሸክላዎች ይታተማሉ። በዚህ ዘዴ ጎልቶ የሚሰማው ኃይለኛ ድምፅ ነው። መለከትና ትሮምቦን በጥሩ ሁኔታ ሲቀረጹ፣ የክር መሣሪያዎችና ከበሮ ግን ያስቸግሩ ነበር። የዳንስ ኦርኬስትራዎች በዘመኑ ሸክላ ላይ ከባድ ድምፅ ለማውጣት ከትልቁ የክር መሣሪያ ይልቅ ቱባ የተባለውን የነሐስ መሣሪያ የመረጡት አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። የኤሌክትሪክ ቀረጻ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ ከ1925 ጀምሮ ነው።

በአሜሪካ ጥቁር አሜሪካዊው የኦርኬስትራ መሪ ጄምስ ሪስ ዩሮፕ ቪክተር ለተባለው ኩባንያ የዳንስ ሙዚቃ መቅረጽ የጀመሩት እ.ኤ.አ በ1913 መጨረሻ ነው። በ1917 ደግሞ የመጀመሪያው የጃዝ ሸክላ የሚባለው ለገበያ ቀረበ። ኩባንያዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ብቻ አልተወሰኑም። በ1902 የእንግሊዙ ግራሞፎን ኩባንያ ባለሙያ ፍሬድ ጋይስበርግ ወደ ካልካታ ተጉዞ የህንዷን ዘፋኝ ጋውሃር ጃንን ቀርጿል፤ ካይሮም ብዙ ሳይቆይ የሸክላ ገበያ ማዕከል ሆናለች። ቀራጮቹ የሚሄዱት የሸክላ ማጫወቻ የሚገዛ ከተሜ ወዳለበት ነው። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ማጫወቻ ያለው ቤት በጣም ጥቂት ነበር፤ በጣና ዙሪያማ ጭራሹን የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ኩባንያው ወደ ሙዚቀኛው ሳይመጣ ቀረ፤ ሙዚቀኛው ራሱ ወደ ኩባንያው አገር መሄድ ነበረበት።

ድምፅን የሚይዘው መሣሪያ ራሱ ግን በቤተ መንግሥቱ አዲስ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ መልእክታቸውን በሰም ሲሊንደር አስቀርጸው ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ልከዋል። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም ምላሻቸውን በዚሁ መሣሪያ አስቀርጸው መላካቸው ይታወቃል። ከዚያ ዘመን የደረሰን የሁለቱ ድምፅ የሚገኘው በእንግሊዝ አገር ነው። የኢትዮጵያ ጥንታዊ ድምፆች በውጭ አገር ማህደር የመቀመጣቸው ነገር ከዚያን ጊዜ የጀመረ ነው ማለት ይቻላል።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን የሄዱት ለሙዚቃ አልነበረም። አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ በገባበት ሰሞን ሥራውን እንዲማሩ ከተላኩት መካከል ነበሩ። በዚያው ቆይታቸው ከአሥር የሚበልጡ ባለሁለት ገጽ ሸክላዎችን አስቀረጹ። በሸክላዎቹ ላይ የሚሰማው የራሳቸው ድምፅና መሰንቆ ነው፤ ኦርኬስትራ የለበትም። የዛሬው ትውልድ ስማቸውን ይበልጥ የሚያውቀው ምናልባት በልጃቸው በኩል ሊሆን ይችላል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን እ.ኤ.አ ከ1972 እስከ 1987 የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ የእርሳቸው ልጅ ናቸው። የነጋድራስ ተሰማ ሸክላዎች የመቶኛ ዓመት መታሰቢያ ተብሎ በፈረንሳይ አገር ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ኅትመት 27ኛ ቁጥር ሆነው በሲዲ ለመውጣት በቅተዋል።

ባለአሥር ኢንች ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ይህ ልኬት በጣና ዙሪያ ለሚታወቀው የአዝማሪ ጥበብ ምን ማለት እንደሆነ ማጤን ይገባል። በጎንደርና በጎጃም ያለው አዝማሪ ዜማውን የሚጀምረው የቤቱን ሰው አይቶ፣ ስሙንና አገሩን ጠይቆ ነው። ታዳሚው በበኩሉ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ያቀብላል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል፤ ሰሙን አስቀድሞ ወርቁን ያዘገያል፤ ሰው ከሳቀ ይደግመዋል፣ ዝም ካለ ወደ ሌላ ይሻገራል። አንድ ጨዋታ እንደ ሌሊቱና እንደ ጠጁ ይረዝማል። በቀረጻው ክፍል ውስጥ ግን ሰዓት የሚቆጥር ባለሙያ እንጂ «ተቀበል» የሚል ሰው የለም። ስለዚህ በሸክላ የቀረው የአዝማሪ ዜማ ከመነሻው ከምንጩ አጥሯል፤ ታዳሚውም ከውስጡ ወጥቷል። ይህም ሸክላውን ዋጋ አያሳጣውም። ነገር ግን የዘመኑን የአዝማሪ ጨዋታ በሙሉ የያዘ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። የጎደለውን ለመሙላት ዛሬም በጎንደርና በባሕር ዳር የአዝማሪ ቤቶች ያለውን ሕያው ጨዋታ መስማት ያስፈልጋል።

ባንዱ ደግሞ በሌላ መንገድ ይጓዝ ነበር። ከሩሲያ የመጡትን መሣሪያዎች ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች ያስተማረው በትውልዱ ፖላንዳዊ የሆነ ሚሌቭስኪ የተባለ የባንድ መሪ ነበር። የዚያ ዘመን ባንድ ተግባር የክብር ነው፦ ንጉሥ ሲወጣ፣ እንግዳ ሲቀበሉ፣ ሠራዊት ሲሰለፍ ይነፋል። ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ የመጣው አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ነው። በዚያ ባለው የአርመን ገዳም ይኖሩ የነበሩ አርባ ወላጅ አልባ አርመናውያን ወጣቶችን ከነባንዳቸው ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የሚለው ስም የቀረላቸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም በተከናወነው የዘውድ በዓል የተሰማውን የንጉሠ ነገሥቱን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሰዋል። በመዝሙሩ ግጥም ስማቸው የሚነሣው ዮፍታሔ ንጉሤ የጎጃም ደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው፤ ቅኔውን ከዚያው ከአባይ ማዶ ተምረው የመጡ ባለቅኔ ናቸው። የጎጃም ቅኔ ቤትና የነሐስ ባንድ በአንድ ሥራ ላይ ከተገናኙባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ መሆኑ እምብዛም አይነገርም።

የፋሺስት ወረራ ይህን ሁሉ በተነው። ከ1933 ዓ.ም ነፃነት በኋላ ግን ባንዶቹ እንደገና ሲደራጁ ከሰልፍ ሙዚቃ ጎን ለጎን የዳንስ ኦርኬስትራ መቋቋም ጀመረ። የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተመሠረቱ፤ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው። በ1948 ዓ.ም የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሌላው ማዕከል ሆነ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ የሆኑት ነርሲስ ናልባንዲያን፣ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪችና ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር የኢትዮጵያን ዜማዎች ለትንፋሽ መሣሪያዎች በኖታ በማዘጋጀት ረገድ ከፍተኛ ድርሻ አላቸው። ሥራው ቀላል አልነበረም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ናቸው፤ አዝማሪው በመሰንቆው የሚያወርደውንና የሚያወጣውን ስስ ድምፅ ሣክስፎን እንዲመስለው ማድረግ ይጠይቃል። ምቱም የራሱ ጠባይ አለው። የጎንደርና የጎጃም እስክስታ የሚጨፈርበት ችክችካ በቫልስና በታንጎ የሠለጠነ ከበሮ መቺ ወዲያውኑ የሚይዘው አይደለም። በእነዚህ ኦርኬስትራዎች መድረክ ላይ ቫልስ፣ ታንጎ፣ የአዝማሪ ዜማና እስክስታ በአንድ ምሽት ተከታትለው ይቀርቡ ነበር።

የኢትዮጵያ ወርቃማ የሙዚቃ ዘመን የሚባለው የተገነባው በአብዛኛው በመንግሥት ሠራተኞች መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ሳክስፎን ነፊው ወታደር ወይም ፖሊስ ነው፤ ዘፋኙ በደመወዝ መዝገብ ላይ የሚፈርም የቴአትር ቤት ባልደረባ ነው፤ መሣሪያው የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው። ይህ ሁኔታ ለሙዚቀኛው ቋሚ ኑሮ ሰጥቷል፤ እጣውንም ከመሥሪያ ቤቱ ጋር አቆራኝቷል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የክቡር ዘበኛ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲከሽፍ ከታሰሩት መካከል የኦርኬስትራው ባልደረቦች ይገኙባቸዋል። ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠም ከእስራት አላመለጠም።

በሸክላው በኩል ደግሞ ሌላ ማነቆ ነበር። እ.ኤ.አ በ1948 ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ማኅበሩ በራሱ አቅም የተወሰኑ ሸክላዎችን ቢያሳትምም፣ በየክበቡና በየሆቴሉ የሚሰማውን የኦርኬስትራ ሙዚቃ ሁሉ ማዳረስ የሚችል አልነበረም። ሕዝቡ ኦርኬስትራዎቹን ያወቃቸው በአዳራሽና በሬዲዮ እንጂ ቤቱ ባስገባው ሸክላ አይደለም። ሬዲዮው የሚጠቀመው የቴፕ ክር ስለነበር ለብዙ ዜማዎች የመጀመሪያውና ምናልባትም ብቸኛው ቅጂ ክር ሆነ።

ይህን የሰበረው የሙዚቃ መደብር የነበረው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ በ1969 ያለፈቃድ የዓለማየሁ እሸቴን ዜማ በትንሿ ባለ45 ዙር ሸክላ አሳተመ። በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹ በህንድ፣ ቀጥሎ ያሉት በሊባኖስ ታተሙ። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ባሉት ዓመታት 103 ትናንሽ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አውጥቷል። ፊሊፕስና ካይፋም በዚሁ ገበያ ተሳትፈዋል። ነገር ግን ሸክላ በስፋት መታተም በጀመረበት ወቅት ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች ቦታቸውን ለትናንሽ የሆቴልና የክበብ ባንዶች እየለቀቁ ነበር። በዚህም የተነሣ የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ዓ.ም ታላላቅ ኦርኬስትራዎች ሙሉ ድምፅ በሸክላ የቀረው ከተጫወቱት ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው።

ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊ የምሽት ሙዚቃን አዳከመ፤ ሸክላውም ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። በጎጃም ግሽ ዓባይ፣ በጎንደር ፋሲለደስ፣ በወሎ ላሊበላ የተባሉት ቡድኖች የየአካባቢውን ዜማና ውዝዋዜ ሰብስበው ለመድረክ አበቁ። ለባሕር ዳርና ለጣና ዙሪያ ሕዝብ የአካባቢውን ዜማ በተደራጀ ባንድ ታጅቦ የመስማት ዕድል የሰፋው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ በባሕር ዳር የሚገኘው ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ይህን ዓይነቱን የመድረክ ሥራ ይዞ ቀጥሏል። የኪነት ቡድኖች ሥራ የተቀረጸው በሸክላ ሳይሆን በክርና በካሴት ነው፤ የጥበቃው ጥያቄም የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ሸክላና ክር የሚጎዱት በተለያየ መንገድ ነው። ባለ78 ዙር ሸክላ ላክ ከተባለ ነፍሳት ከሚገኝ ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የሚሠራ በመሆኑ ሲወድቅ እንደ ስሙ ይሰበራል። በአግባቡ ከተቀመጠ ግን መቶ ዓመት ይቆያል፤ የነጋድራስ ተሰማ ሸክላዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። የቴፕ ክር በአንጻሩ ሳይሰበር ይሞታል። ማግኔቱን የያዘው ማጣበቂያ እርጥበት ሲጠጣ ክሩ ይጣበቃል፤ አንዳንዱም የኮምጣጤ ሽታ እያወጣ ይኮማተራል። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅ ማህደሮች ማኅበር እ.ኤ.አ በ2019 በጋራ ባካሄዱት የማስጠንቀቂያ ዘመቻ፣ በማግኔት ክር ላይ ያለ ድምፅ እስከ 2025 ድረስ ወደ ዲጂታል ካልተገለበጠ ከዚያ በኋላ ማዳን እጅግ አዳጋች እንደሚሆን ገልጸው ነበር። ምክንያቱም የክሩ እርጅና ብቻ አይደለም፤ ማጫወቻው፣ መለዋወጫውና ጠጋኙ ሰው አብረው ስለሚጠፉ ነው። የተባለው ዓመት አልፏል። በክረምት እርጥበቱ በሚያይለው የጣና ዳርቻ በተራ መጋዘን ውስጥ ያለ ክር ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለውም።

በመሥሪያ ቤት ደረጃ አደጋው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በመልካም አሠራር ስም ነው። የንብረት ማስወገጃ ኮሚቴ አገልግሎት የማይሰጥ ቴፕ፣ የተሰነጠቀ የሸክላ ሳጥን፣ የማይሠራ ማጫወቻ በአንድ ዝርዝር አስፍሮ ለሐራጅ ሊያቀርብ ይችላል። በንብረት መዝገብ ላይ ክሩ የሚታወቀው በጥሬ ዕቃ ዋጋው እንጂ በያዘው ድምፅ ስላልሆነ የኮሚቴው ውሳኔ በደንቡ መሠረት ትክክል ሆኖ ይገኛል። መፍትሔው ማጫወቻውና የድምፁ ተሸካሚ በተለያየ ዝርዝር እንዲመዘገቡ ማድረግና የድምፅ ተሸካሚ የሆነው ሁሉ ከመወገዱ በፊት በባህል ወይም በማህደር ባለሙያ እንዲታይ ማድረግ ነው። ይህ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።

የመብት ጥያቄም አብሮ ይነሣል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የድምፃዊውና የአሳታሚው መብት ግን ቆጠራው የሚጀምረው ከሞት ሳይሆን ከቀረጻው ወይም ከኅትመቱ ሲሆን ዘመኑም 50 ዓመት ነው። በዚህ ስሌት እ.ኤ.አ በ1969 የታተመ ሸክላ የአሳታሚነት ዘመኑ ያለፈ ሲሆን፣ የግጥሙና የዜማው ደራሲ መብት ግን ገና ጸንቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «አሮጌ ነው» ተብሎ ያለፈቃድ ማሠራጨት፣ «መብት አለበት» ተብሎም ለጥበቃ እንኳ ሳይገለብጡ መተው ሁለቱም ልክ አይደሉም። ገልብጦ ማስቀመጥና ለገበያ ማውጣት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

የአያያዙ ሥርዓት ከባድ አይደለም። ሸክላ እንደ መጽሐፍ በቁሙ ይደረደራል እንጂ አይነባበርም። ባለ78 ዙሩ በአልኮል መጠረግ የለበትም፤ አልኮል ሙጫውን ያሟሟዋል። በባለ33 ዙር መርፌም መጫወት የለበትም፤ የቀድሞው ቦይ ሰፋ ያለ በመሆኑ ሦስት እጥፍ ያህል የሚተልቅ መርፌ ይፈልጋል። ሲገለበጥ ቢያንስ በ48 ሺህ ኸርዝና በ24 ቢት፣ ቢቻል በ96 ሺህ ኸርዝ፣ ሳይታመቅ መቀመጥ ይኖርበታል። ድምፁን «ለማሳመር» የሚደረግ ማጣሪያ ካለ በሌላ ቅጂ ላይ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ቅጂ ከነጭረቱና ከነሹክሹክታው ይቀመጣል።

ከድምፁ እኩል መገልበጥ ያለበት ደግሞ ጽሑፉ ነው። በሸክላው መሃል ባለው ወረቀት ላይ የአሳታሚው ስም፣ የዜማው ርእስና የድምፃዊው ስም ይገኛል፤ ከወረቀቱ ዙሪያ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ በሸክላው ገላ የተቀረጸ ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር የቀረጻውን ቅደም ተከተል ስለሚያመለክት የዓመተ ምሕረት ጥያቄ ሲነሣ ከሰው ትውስታ ይበልጥ ይታመናል። በክር ሳጥን ላይ በእርሳስ የተጻፈ የቡድን ስም፣ ቀንና የቀራጩ ፊርማም እንዲሁ ነው። ሸክላው ተሰብሮ ቢገኝ እንኳ ቁጥሩ ያለበት ስባሪ አይጣልም፤ በወረቀት ተጠቅልሎ ከመዝገቡ ጋር ይቀመጣል።